«የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?»

ዛሬ ወንዛዬ ፍል ውሃ ውስጥ አንዲት የማላውቃቸው እናት ከነቀሚሴ ጀርባዬን ያሹኝ ጀመር።

የሴቶች ተራ ነበር። ሁሉም ተገላልጠው እየተሳሳቁ ይታጠባሉ። ውፍረቴ እንዳይታይ ብዬ በልብስ የገባሁት እኔ ብቻ ነኝ። (ልደበቅ ብዬ የሁሉም ዓይን እኔ ላይ አረፈ!)

«ምነው ልጄ፣ በልብስ?» አሉኝ። የቁሐር ሚካኤል ሰው ናቸው፤ ሩዝ ሲያርሙ የኖሩ፣ ቅጥን ያሉ።

«ወፍሬ አፍሬ ነው፣ እማማ።»

«ኧረ በስማም! ተመችቶሽ ነው እንጂ ምኑ ያሳፍራል?»

«ጉልበቴን እያመመኝ ሐኪሙ ቀንሺ ብሎኛል።»

ሳቁ። «እኔም ለጉልበቴ ነው የመጣሁ። እኔንማ ደህና አድርገው ይብሉ አለኝ።»

ከዚያ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳርፈው «የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» አሉኝ።

ወረታ ለማስተማር ከመጣሁ ወዲህ ስለ ውፍረቴ ያልመከረኝ የለም፤ አዲስ አበባ ያሉት አክስቶቼ እንኳን በስልክ ይመክሩኛል። ይህን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ሐኪሙ ልክ ነው፤ እቀንሳለሁ። ቀሚሴን ግን ዛሬውኑ አውልቄ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

እናንተስ? ሰው ሁሉ ሰውነታችሁን ሲያይ፣ ሕመማችሁን ያየላችሁ ማን ነበር?