ጠመንጃው የጾመበት ሁዳዴ

«ዘይት» የሚለውን ቃል አባቴ መጽሐፍ ሲያነቡ እሰማው ነበር እንጂ በቤታችን ስሙ ቅባኑግ ነው። ኑጉን አምሰን፣ ወቅጠን፣ በፈላ ውሃ ስናሸው ከላይ የሚንሳፈፈውን እየገፈፍን የምናወጣው። ዛሬ በጀሪካን ታሽጎ ይመጣል። ልጆቼ ወጡንም፣ የተሰነጠቀ ተረከዛቸውንም፣ የበሩን ማጠፊያም በእሱው ነው የሚያሹት። በር ሲጮህ በወጥ ዘይት ሊቀቡት ሲነሡ ካየሁ እኔም አብሬ እጮኻለሁ። «አርጅታለች» ይባባላሉ፤ እሰማቸዋለሁ። እውነታቸውን ነው፣ አርጅቻለሁ። ጩኸቱ ግን የእርጅና አይደለም።

በእኔ ጊዜ ቅባት ሁሉ ቦታ ነበረው። ቅቤ ለፍስክ ወጥና ለራስ፣ ቅባኑግ ለጾም ወጥና ለኩራዝ፣ ሞራ ለጠፍርና ለብረት። ሜሮኑ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን አይወጣም። ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። እኔም አውቅ ነበር፤ ግን ከዚያ በላይ ጾም አውቅ ነበር። የመሪጌታ ልጅ ነኝ። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ቅቤ የነካው ዕቃ ሁሉ በፈላ ውሃና በአመድ ታጥቦ ይሰቀላል፣ የጾሙ ድስት ከቆጥ ይወርዳል። ባሌ ገና በተጋባን በዓመቱ «ያንቺስ ጾም ከጳጳስም ይብሳል» ብሎኝ ነበር። ስድብ መሆኑ አልገባኝም፤ ደስ አለኝ።

የምንኖረው ከአማኑኤል በላይ ካለው ተራራ ሥር ነው። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ፣ መንገዱን ይዞ፣ ጠመንጃ ያለው ሁሉ ያስረክብ ብሎ አዟል። ባሌ አንድ የተሰበረ፣ ቆመህ ጠብቀኝ የሚሉትን አሮጌ ጠመንጃ ወስዶ አስረከበና ደህናውን ውጅግራ በአጎዛ ጠቅልሎ ጎታ ውስጥ ቀበረው። ሲያርስ ገበሬ ነው፤ መልእክት ሲመጣበት ብረቱን አውጥቶ ወደ ጫካ ነው። እቤታችን ሌላ ወንድ ዋርሳዬ ነበር፣ የባሌ ታናሽ ወንድም። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ጠመንጃ የለውም፤ ጦሩን ይዞ ከወንድሙ ኋላ ይከተላል። አንድ ቀን «አንተ ምን አገባህ? እርሻህን እረስ» ብለው «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ ነዋ፣ እታለም» ብሎ ሳቀብኝ። የሚቀልደው ስለ ጦርነቱ ነው፤ ዓይኑ ግን ዘወትር ጎታው ላይ ነበር።

በዚያ ዓመት የቅበላ ዕለት ጎታውን ከፈትኩ። የሁዳዴ ባቄላችንና አተራችን ያለው እዚያው ነው። የሞራ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ባሌ ውጅግራውን በበግ ሞራ አሽቶ ነበር የቀበረው፤ አጎዛውም ጠጥቶታል። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ሞራ የነካው ባቄላ እየበላን እየገደፍን ልንጾም ነው? ባሌ ለቅበላ ዘመድ ጋ ሄዷል። መጠበቅ አልቻልኩም። ውጅግራውን አውጥቼ ጓሮ ወሰድኩት፣ በፈላ ውሃና በአመድ ልክ እንደ ወተት ዕቃዬ አጠብኩት፣ ፀሐይ ላይ አደረቅኩት። ራቁቱን ቢቀር ብረት እንደሚዝግ አላጣሁትም። ስለዚህ የራሴን ቅባኑግ አወጣሁ። በዚያ ዓመት ኑግ ስላነሰን ተልባ ቀላቅዬ ነበር ያወጣሁት። በጨርቅ ነክሬ አፈሙዙን፣ ቃታውን፣ ጥይት የሚያጎርሱበትን መዝጊያ ውስጡን ሁሉ አጠጣሁት። አልሰሰትኩም፤ ቢያንስ ንፉግ ነበረች እንዳይለኝ።

ዋርሳዬ አጥር ላይ ቆሞ ሰው እንዳይመጣ እየጠበቀልኝ ነው። መጣና ብረቱን አየው፤ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። «እታለም፣ ጠመንጃውንም ጾም አስያዝሽው?» አለኝ። እስኪያመን ድረስ ሳቅን። አጎዛውን ለወጥኩ፣ እሱ ተቀብሎኝ ጠቀለለው፣ ወደ ጎታው መለስነው። ለባሌ አልነገርኩትም። መንገር የሚያስፈልገው ነገር አልመሰለኝም።

በሆሣዕና ማግስት መልእክት መጣ። ባሌ ጥቅሉን ከጎታ አወጣ። ያን ጊዜ አንቱ ነበር የምለው። «ብረቱ እንዴት ከረመ?» ሲለኝ «ከሰጡኝ በልጦ ነው የከረመ» አልኩት በኩራት። ሳይፈታው በትከሻው አደረገው፤ መልእክተኛው በር ላይ ቆሞ ያጣድፈዋል። ዋርሳዬ ጦሩን አንሥቶ ተከተለው። በሕማማት መሳሳም የለምና እንዲሁ ወጡ።

ሐሙስ ጠዋት ኩራዙን ልወለውል ብዬ ከግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ የሸጎጥኩትን ጨርቅ ሳብኩት። ያ ጠመንጃ የቀባሁበት ጨርቅ ነው። እንደ ደረቀ ቆዳ ጠንክሯል። ልዘረጋው ብሞክር ተሰበረ። ጨርቅ ሲሰበር አይቼ አላውቅም። ሮጬ የቅባኑጉን ማሰሮ አየሁ፤ ከአፉ ላይ የፈሰሰው እንደ ዛፍ ሙጫ ተጋግሯል። በጥፍሬ ፋቅኩት፤ እንቢ አለኝ። ጨርቁ እንዲህ ከሆነ መዝጊያው ውስጥ ያጠጣሁት ምን ሆኖ ይሆን?

ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ። ሊጥ ጀመርኩ፣ እጄን ሳልታጠብ ወጣሁ፣ ተመለስኩ። ምናልባት ፈትቶ አይቶት ይሆናል አልኩ። ምናልባትም ሳያየው ጠላት ፊት ቆሟል። እግሬ አላስቆም አለኝ። ለፋሲካ ያጠራቀምኩትን ቅቤ በቅል አድርጌ አነሣሁ፤ በሙቅ ውሃና በቅቤ ቢያሹት ሙጫው ይለቅ ይሆናል። ስንቅ አድርሼ ስለማውቅ ያሉበትን ወንዝ ማንም አይመራኝም፤ ግን ከዚያ ለመድረስ የጣሊያንን መንገድ መሻገር አለብኝ።

ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ኬላ አለ። አንድ ባንዳ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠመንጃውን ይወለውላል። «ምን ይዘሻል?» «የፋሲካ ቅቤ።» ጥይት ተደብቆ እንደሆነ ብሎ በጩቤው ቅቤውን ወጋ ወጋ አደረገ። እኔ ግን ዓይኔ አጠገቡ ካለችው ትንሽ ቆርቆሮ አልነቀል አለ። አፏ ቀጭን ነው፤ ሲጫናት ጠብ ጠብ የሚል ቀጭን ዘይት ትተፋለች። መዝጊያውን ሲስበው ድምፅ እንኳን የለውም። በሕይወቴ የሰው ዕቃ እንደዚያ ተመኝቼ አላውቅም። ሳላስበው «ጌታው፣ ልጄን ጆሮዋን አሟታል፣ ከዚህች ጠብታ ቢሰጡኝ» አልኩ። ልጅ የለኝም። ባንዳው ቀና ብሎ አየኝ። «ይኼ የብረት ነው፣ እቴ። ጆሮ ያደነቁራል። ለጆሮ የናንተው ኑግ ይሻላል፣ አሙቂና ጠብ አድርጊባት» አለኝ። ከልቡ ነው የመከረኝ። የቅቤዬን ግማሽ በቅጠል ወስዶ አሳለፈኝ። ከዚያ በኋላ መሄድ ተውኩ፤ ሮጥኩ።

ወንዙ ዳር ስደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ባሌን ሾላ ሥር ቆሞ አየሁት። በትከሻው ላይ ያለው ውጅግራ አይደለም፤ አጭር፣ አዲስ፣ የጣሊያን ጠመንጃ ነው። ማክሰኞ ዕለት ማርከውት እሱ ደርሶታል። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ «ተመስገን! ተመስገን!» እያልኩ ሳቅኩ። ሕማማት መሆኑንም ረሳሁት። «ምን ሆነሽ መጣሽ?» ይለኛል፣ እኔ እስቃለሁ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ሞራውን፣ አመዱን፣ ቅባኑጉን፣ የተሰበረውን ጨርቅ። ስጨርስ እሱም አብሮኝ ይስቃል ብዬ ነበር።

አልሳቀም። «ውጅግራውንማ ከነጥቅሉ ለወንድሜ ሰጠሁት» አለ። «ዛሬ በጠዋት መንገዱን ሊቆርጡ ከወረዱት ጋር ነው።»

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ከታች ተኩስ ተከፈተ። የቀረውን ቅቤ ዘረጋሁለት፤ ቅሉን እጄ ላይ ትቶት ቁልቁል ሮጠ። እኔ ቀረሁ። የውጅግራን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ የጣሊያኑ ሲንጣጣ እሱ ግን ያገሳል። ቆሜ ጆሮዬን ጣልኩ። ይንጣጣል። እንደገና ይንጣጣል። «አሁን፣ አሁን» እላለሁ። ሾላውን ዞርኩት፤ ስንት ጊዜ እንደዞርኩት አላውቅም። ተኩሱ እስኪቆም ድረስ ያ ድምፅ አንድ ጊዜ እንኳን አልተሰማም። ቅቤው ቅሉ ውስጥ ቀልጦ ልብሴ ላይ ፈሷል።

ከሰዓት በኋላ በቃሬዛ አመጡት። ደረቱን ነው የተመታው። የቀኝ መዳፉ ግን ቆዳው ተልጦ ሥጋው ይታያል። ከተሸከሙት አንዱ ጎልማሳ ለባሌ ሲነግረው አጠገቡ ነበርኩ። «ትናንት መዝጊያው እንቢ ሲለው አይቼዋለሁ። ታግሎ ታግሎ አንዴ አጎረሰው። ለወንድምህ ልንገረው ስለው ‹አደራ አትንገርብኝ፣ መልሶ ይወስድብኛል› አለኝ። ዛሬ የጎረሰውም አልፈነዳለት፤ ሊከፍተው ሲታገል ነው የመቱት» አለው። ባሌ መዳፉን አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ መልሶ መዳፉን በነጠላ ሸፈነው።

በለቅሶው ላይ አልቃሾቹ ጠመንጃው እንዴት እንዳገሳ፣ ስንቱን እንደጣለ እያነሡ አሞገሱት። ባሌ አንገቱን ደፍቶ ሰማ፤ አላረማቸውም። እኔም አላረምኩም። ለንስሐ አባቴ ግን ነገርኳቸው። ለጾም ብለሽ ነው ያደረግሽው፣ አታውቂም ነበር አሉኝ። ስግደት አዘዙኝ፤ ሰገድኩ። አልቀለለኝም።

ጣሊያን ሄደ። ልጆች ወለድን። ባሌ የዚያን ቀን ነገር አንድ ጊዜ እንኳን አንሥቶብኝ አያውቅም፤ በተቆጣኝና በገላገለኝ ብዬ ስንት ጊዜ ተመኘሁ። ብቻ በሚቀጥለው ሁዳዴ የመጀመሪያውን ሽሮ ሳቀርብለት ቀና ሳይል «ቅባኑግ ሆዴን አልስማማው ብሏል። የእኔን ያለ ቅባት ሥሪልኝ» አለኝ። ሠራሁለት። እስኪሞት ድረስ በየጾሙ ሁለት ድስት እጥድ ነበር፤ አንዱን ለእኛ፣ አንዱን ለእሱ።