ሞኒተሩ የእሷ፣ ሳጥኑ የእሱ

ኔሬይዳ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ከማውለቋ በፊት መዳፏን ማቀዝቀዣው ጎን ላይ ታሳርፋለች። ከተንቀጠቀጠ መብራት አለ። ጸጥ ካለ ጥቁር ባቄላዋን በከሰል ትጥዳለች፤ ኮምፒውተሩንም ለዚያ ቀን ትረሳዋለች። ማታንሳስ ከተማ ውስጥ ሰው የሚውለው መብራት እንደፈቀደለት ነው፤ በዚህ የሚናደድ ሰው የለም፣ ወይም ሁሉም መናደዱ ሰልችቶታል። ኔሬይዳ ቁጣዋን የምታስቀምጠው ለኤቬሊዮ ነበር።

ኤቬሊዮ የቀድሞ ባሏ ነው። የሚኖረው ግን እዚያው ቤት፣ ከኮምፔርሳቶ ግድግዳ ወዲያ ነው። ዳኛው ጋብቻቸውን አፈረሰላቸው እንጂ ሁለተኛ ቤት አልሠራላቸውም። አንዱን ሰፊ ቤት ሰጥተው ሁለት ጠባብ ቤት የሚለውጣቸው ሰው ሲፈልጉ ከረሙ፤ ሲታጣ ሳሎኑን መሐል ለመሐል በኮምፔርሳቶ ከፈሉት። የማቀዝቀዣው ላይኛው መደርደሪያ ለእሷ፣ ታችኛው ለእሱ ሆነ። ኮምፒውተሩ ጋ ሲደርሱ ግን ነገሩ ከረረ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ሳጥኑ ለእሱ፣ ሞኒተሩና ኪቦርዱ ለእሷ ደረሱ፤ ማውሱ ላይ እስካሁን አልተስማሙም። የአንዱ ዕቃ ያለ ሌላው ስለማይሠራ ሁሉም እንደ ድሮው ተገጣጥሞ መተላለፊያው ላይ ቀረ። ከሰዓት የእሷ፣ ማታ የእሱ ተራ ነው።

ኔሬይዳ ባቡር ጣቢያ ትኬት ትሸጣለች። እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን ቀን የምትሸጠው መልስ ነው። «ዛሬ የለም።» «ሞተሩ ተበላሽቷል።» «ነገ ይሞክሩ።» ሰዎች በመስኮቱ ቀዳዳ በኩል እሷን፣ ባቡሩንና የባቡሩን እናት አንድ ላይ ይሰድባሉ። እሷም ዝም ብላ ትሰማለች፤ ቢፈቀድላት አብራቸው በተሳደበች።

ቤት ስትገባ ግን የራሷ ባቡር ነበራት። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ጨዋታ ለተጫዋቹ ባዶ መሬት ይሰጠዋል፤ ሐዲዱን ዘርግቶ፣ ጣቢያውን ሠርቶ፣ ስም አውጥቶለት ባቡሮቹን የሚያሰማራው ራሱ ነው። ኔሬይዳ በዚህ መሬት ላይ ዓመታት ሠርታለች። ከተራራው ሥር ከሰል የሚያወርድ መስመር ነበራት፣ ወንዙን በድልድይ የሚሻገር መስመር ነበራት፣ ወደቡ ላይ ደግሞ አምስት ሐዲድ የሚገናኝበት ጣቢያ። እዚያ «የለም» የሚባል መንገደኛ አልነበረም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት ኮምፒውተሩን ስትከፍተው ስሟን ጠየቃት። ስክሪኑ ላይ ሁለት ስሞች ተቀምጠዋል፤ ኤቬሊዮ፣ በይለፍ ቃል የተቆለፈ፣ ኔሬይዳ፣ ክፍት የሆነ። በራሷ ስም ገባች። ጨዋታውን ስታስጀምረው ያ ሁሉ መስመር የለም። «አዲስ ጨዋታ» ይላል፤ ሌላ ምንም አይልም።

ግድግዳውን በቡጢ ነረተችው።

«ኤቬሊዮ!»

«ምን ሆንሽ? ግድግዳው ሊወድቅ ነው እኮ!»

«ይውደቅ! ባቡሮቼ የት አሉ?»

«የትም አልሄዱም። ለየራሳችን አካውንት ነው የከፈትኩት። ሰው ሲፋታ እንዲህ ነው።»

«ሰው ሲፋታ ወጥቶ ይሄዳል!»

«ወዴት? ካወቅሽ አሳዪኝ፣ አሁኑኑ ልሂድ።»

ግድግዳውን እንደገና ነረተችው።

«ጨዋታው አንቺም ጋ አለ፤ ከፍተሽ ተጫወቺ» አለ ኤቬሊዮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ጨዋታው አለ፣ የሠራሁት የለም! ቤቴን አፍርሰህ መሬቱ አለልሽ ትለኛለህ?»

«የሠራሽው በድሮው አካውንት ነው። እሱን ደግሞ ለራሴ አደረግኩት።»

«እንግዲያው ና ክፈትና ልውሰድ።»

«እዚያ ውስጥ የግሌ ነገር አለ።»

«የግልህን ነገር ሃያ ዓመት አጥቤ ገመድ ላይ አስጥቼዋለሁ! ዛሬ ምን አዲስ ነገር በቀለብህ?»

ኤቬሊዮ በፍላሽ ገልብጦ እንደሚሰጣት ቃል ገባ።

በማግስቱ ፍላሹን ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ በእሷ መደርደሪያ ላይ፣ የሩዝ ሳህኗ አጠገብ አገኘችው። ስትከፍተው አንዲት ትንሽ የባቡር ሥዕል አለች። ስትጫናት ኮምፒውተሩ «የሚፈለገው አልተገኘም» አላት። ደጋግማ ተጫነቻት፤ ያው ነው። ፍላሹን ነቅላ፣ በቤት ነጠላ ጫማዋ ፋውስቲኖ ዘንድ ሄደች።

ፋውስቲኖ የሳምንቱን ፊልምና ተከታታይ ድራማ በዲስክ ይዞ ከቤት ቤት እየዞረ የሚገለብጥ ሰው ነው፤ ሰፈሩ ከቄስ ይልቅ እሱን ይጠብቃል። ፍላሹን አይቶ ሳቀ።

«የኔ እመቤት፣ ይሄ የሱቁ ታፔላ ነው፤ ሱቁ የታለ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! የሰጠኝ እሱ ነው። ሆን ብሎ ነው!»

«ተይ እንጂ። ግማሹ ሰፈር ሥዕሏን ገልብጦ ነው የሚመጣልኝ። ባለፈው አንዱ የልጁን ሠርግ ፊልም ብሎ እንዲህ ያለች ሥዕል ይዞ ሳንታ ክላራ ከተማ ድረስ ሄዷል። ዘመድ ወዳጁን ሰብስቦ፣ ወንበር ደርድሮ...»

«ሠርጉን ተወውና ሱቁ የት እንዳለ ንገረኝ።»

«በኤቬሊዮ ስም ሥር፣ ጨዋታው ራሱ በሚያስቀምጥበት ፎልደር ውስጥ ነው። ከዚያ አውጥተን በአንቺ ስም ሥር ልክ እዚያው ቦታ እናኖረዋለን፤ በቃ፣ ጨዋታው ያገኘዋል። ቀላል ነው።» ጢሙን አሻሸ። «ግን ጊዜ ያለሽ እስከ ነገ ነው። ኤቬሊዮ ቅዳሜ ና ብሎኛል።»

«ለምን?»

«ሌይዲስ ድራማዎቿን የምታኖርበት ቦታ አጥታለች። ጨዋታ ጨዋታውን ጠርገህ አጥፋልኝ ነው ያለኝ።»

ሌይዲስ የኤቬሊዮ አዲሷ ወዳጅ ናት፤ ቅዳሜና እሑድ ትመጣለች። ኔሬይዳ በእሷ ላይ እስከዚያ ቀን ምንም አልነበራትም። ወደ ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ሰላም ያላትን ሰው ሁሉ አላየችም። ገብታ የሞኒተሩን ገመድ ነቀለች፤ እንደ ሕፃን አቅፋ ወደ ክፍሏ ወሰደችው፤ አልጋዋ ላይ አስተኝታ አንሶላ አለበሰችውና በሯን ቆለፈች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ኤቬሊዮ በሩን አንኳኳ።

«ኔሬይዳ፣ ሞኒተሩ?»

«ተኝቷል።»

«አትቀልጂ። ፋውስቲኖ መጥቷል፣ ሌይዲስም መጥታለች።»

«ሞኒተሩ ለእኔ የደረሰ ነው። ሳጥንህን እንኳ ነካሁብህ? ፊልሙን ሳጥኑ ላይ እዩ፤ ሲያንጎራጉር ይሰማል።»

ፋውስቲኖ መተላለፊያው ላይ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሌይዲስ ግን መቆም ሰልችቷት ነበር።

«ኤቬሊዮ፣ ለአንድ ጨዋታ ነው ይሄ ሁሉ? ስጣትና እንገላገል።»

«እሰጣታለሁ፤ ፋውስቲኖ ብቻውን ያድርገው፣ እናንተ...»

«እኔ ሳላይ አንድ ነገር አትነኩም!» አለች ኔሬይዳ በሩን እየከፈተች።

ሞኒተሩ ተመለሰ። ኤቬሊዮ የይለፍ ቃሉን በትከሻው ከልሎ ጻፈ፤ ጆሮው ቀልቷል። ፋውስቲኖ ፎልደሩን ፈልጎ ገለበጠና በኔሬይዳ አካውንት ገብቶ ቦታው ላይ አኖረው። ጨዋታውን ሲያስጀምረው መሬቱ ተዘረጋ፤ ተራራው፣ ድልድዩ፣ ወደቡ። ባቡሮቹ ይሄዳሉ። ኔሬይዳ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

ከዚያ አየችው። ከወደቡ ተነስቶ የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ የሚሄድ፣ እሷ ያልዘረጋችው ሐዲድ ነበር። መጨረሻው ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ጣቢያ ቆሟል።

«ውይ፣ ስሜ!» አለች ሌይዲስ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላ።

ጣቢያው «ሌይዲስ» ይባላል።

«በእኔ መስመር ላይ» አለች ኔሬይዳ። ድምፇ ጮክ አላለም፤ ፋውስቲኖ ወንበሩን ወደ ኋላ የሳበው በዚህ ምክንያት ነው። «ከሰሉን ያመላለስኩት እኔ፣ ወደቡን ያስፋፋሁት እኔ። አንተ በማታ ተራህ እየገባህ ለወዳጅህ ጣቢያ ትገነባለህ? ስትደብቀኝ የነበረው ይሄን ነው?»

«ድልድዩንስ ማን ሠራው?» ኤቬሊዮም ጮኸ። «እናትሽ ሆስፒታል ተኝታ እዚያ ስታድሪ፣ ባቡሮቹን ማን ጠበቀልሽ? ለብቻሽ ነው የሠራሽው?»

እውነቱን ነበር። ድልድዩ የእሱ ነው፤ ያኔ ገና ባልና ሚስት ነበሩ። ይህን ማስታወሷ ግን ከጣቢያው ይልቅ አንገበገባት።

«ምን ያጣላችኋል?» አለ ፋውስቲኖ። «ይሄ እንደ ማቀዝቀዣ አይደለም። የገለበጥኩት ነው እንጂ አልወሰድኩበትም፤ እሱም ጋ አለ፣ አንቺም ጋ አለ። ዳኛ እንኳ እንዲህ አድርጎ አያካፍልም!»

«የእሱን አጥፋው።»

«ኔሬይዳ፣ እሱ ቢኖረው አንቺን ምን ይጎድልሻል?»

«ጨዋታ ጨዋታውን ጠርገህ አጥፋ ብሎህ አልነበረም? ቅዳሜ ብሎህ አልነበረም?» ጣቷን ወደ ስክሪኑ ቀሰረች። «ዛሬ ቅዳሜ ነው።»

ፋውስቲኖ ወደ ኤቬሊዮ ዞረ። ኤቬሊዮ ወደ ሌይዲስ አየ። ሌይዲስ አሁንም ጣቢያዋን እያየች ነበር።

«አጥፋው» አለ ኤቬሊዮ።

ፋውስቲኖ በኤቬሊዮ ስም ገብቶ አጠፋው፤ ቀጥሎ ዲስኩን ሰክቶ ድራማዎቹን መገልበጥ ጀመረ። ኔሬይዳ ተገልብጦ እስኪያልቅ እጇን አጣጥፋ ሞኒተሩ አጠገብ ቆመች። ወንበር ያቀረበላት አልነበረም፤ ቢቀርብላትም አትቀመጥም ነበር።

እሑድ ከሰዓት የሌይዲስን ጣቢያ አፈረሰችው። ሐዲዱን ግን አልነካችውም፤ አዘረጋጉ ጥሩ ነበር።