ሚስተር ዲንግ አዛን በል ያሉኝ ቀን

በስደት የምኖርበት ዌስተን ሰፈር ያለው ሕንጻችን ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር የጎረቤቴን የሚስተር ዲንግን የሩዝ ከረጢት ተሸክሜ ቤታቸው ገባሁ። ቻይናዊ ሽማግሌ ናቸው። ግድግዳቸው ላይ የጣሪያው ጫፎች ወደ ላይ የተቆለመሙ ሕንጻ ፎቶ አየሁና "የቡድሃ ቤተ መቅደስ ነው?" አልኳቸው።

"የሰፈሬ መስጊድ ነው!" አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

እኔ መቼ አምኜ! "ታዲያ ሚናራው የታለ?" ብዬ ድርቅ አልኩ።

ባለ ሦስት ደርብ የእንጨት ማማ በጣታቸው አሳዩኝ። "አዛን የሚባለው እዚህ ላይ ተወጥቶ ነው። የጥንት አናጺዎቻችን የሚያውቁት የቻይና ጣሪያ ነው፤ በሚያውቁት ሠሩት። ሲታደስ አያቴም ሠርቶበታል። አንተስ የየት አገር ሰው ነህ?"

"የኢትዮጵያ።"

ብድግ አሉ። "የቢላል አገር! የመጀመሪያውን አዛን ያለው የእናንተ ሰው!" እጄን ይዘው አልለቅ አሉ። እኔም በኩራት አንገቴ ቀና አለ። ወዲያው ሰዓታቸውን አይተው መስገጃቸውን አነጠፉ። "ሰላት ደርሷል፤ ዛሬ አዛኑን አንተ በልልኝ።"

ላብ አጠመቀኝ። ማተቤን ከሸሚዜ ውስጥ አውጥቼ አሳየኋቸው። "አባቴ፣ እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ።"

ማተቤን ትንሽ አዩትና ትከሻዬን ይዘው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ።

"ሰግጄ እስክጨርስ ጠብቀኝ፤ እራት አብረን እንበላለን። ነቢያችን የላኳቸውን ስደተኞች ተቀብሎ ያስጠለለው ንጉሣችሁም ክርስቲያን ነበር።"