ከምጽዋ ኮልፌ የመጣው ዓሣ

ባለፈው ሳምንት ጥርሴን ልታከም ዓለም ባንክ አካባቢ ገብቼ፣ ተራ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ የባሕር ዓሣ በመስታወት ገንዳ ሲዋኝ አየሁ። ማሞቂያ አለው፤ አየር የሚነፋለት መሣሪያ አለው፤ የጨው መለኪያ ሳይቀር አለው። እያየሁት ልቤ በንጉሡ ዘመን ቀራንዮ ወደነበረው ቤታችን ነጎደ።

ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ምጽዋ ላይ መርከበኛ ነበር። እማዬ ባሕር አይታ ስለማታውቅ፣ ልጇን ሊውጥ ያደባ አውሬ እንጂ ውሃ አይመስላትም ነበር። አንድ ጥቅምት ላይ ለዕረፍት ሲመጣ፣ በጭነት መኪና የባሕር ውሃ በጀሪካንና አንድ ሰማያዊ ዓሣ በባልዲ ይዞ ከች አለ። ዓሣው ከአውራ ጣት አይበልጥም።

«እማዬ፣ ባሕሩን ወስጄ ላሳይሽ ባልችል፣ ቁራሹን አመጣሁልሽ» አላት።

ገንዳውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ተማሪ ነበርኩ። የብረት ፍሬም አስበየድኩ፣ መስታወት አስቆረጥኩ፣ በስቱኮ አጣበቅኩ። መጀመሪያ እንደ ወንፊት አፈሰሰ፤ እንደገና ደፍኜው ያዘ። አየር እንዲያገኝ ጠዋት ማታ ውሃውን በጣሳ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ አንቆረቁረው ነበር። የኮልፌ ብርድ ደግሞ ለቆላ ፍጥረት አይራራም። ስለዚህ አጠገቡ አምፖል አበራን፤ ሲመሽም ገንዳውን ጋቢ አለበስነው። ጎረቤቱ ሁሉ «እነሱ ቤት ዓሣም ጋቢ ለብሶ ያድራል አሉ» እያለ ሳቀብን።

ታደሰን ሸኝተን ስንመለስ እማዬ ገንዳው ፊት ቆመች።

«ይኼ ዓሣ የልጄ ገድ ነው። እሱ ደህና ከሰነበተ ታዴም ደህና ነው» አለች።

እንዲህ ያለ ቃል ከእናት አፍ ከወጣ በኋላ ማን ይተኛል?

በጥር ዓሣው መብላት አቆመ። ከታደሰም ወሬ ጠፋ። የገንዳው ውሃ በየቀኑ ስለሚጎድል፣ እኔ ከጀሪካኑ የባሕር ውሃ እሞላበት ነበር። ጀሪካኑ ሲያልቅ አሞሌ ጨው ወቅጬ በውሃ እያሟሟሁ ጨመርኩ። የባሕር ልጅ ጨው ቢናፍቀው ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን ጭራሽ በጎኑ ተኛ። እማዬም ምግብ አልወርድ አላት።

አንድ ማለዳ ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም በጠርሙስ ጠበል ይዛ መጥታ ገንዳው ውስጥ ስታንቆረቁር ደረስኩባት።

«እማዬ፣ ተይ! ጨው የሌለው ውሃ ይገድለዋል!»

«የመድኃኔ ዓለም ጠበል ማንን ሲገድል አየህ?» አለችና ጨረሰችው።

በየማለዳው እየተመላለሰች የጎደለውን በጠበል ሞላች። ሳምንት ሳይሞላ ዓሣው ቀና አለ፤ ከጣቴ ላይ የሥጋ ቅንጣት ነጥቆኝ ሄደ። ያኔ ነው የገባኝ። ለካ ውሃው ሲተን ጨው አብሮት አይሄድም። እሳት ላይ እንደተረሳ ወጥ ጨው በዝቶበት ሳለ፣ እኔ በላዩ ጨው እጨምርበት ኖሯል። የጠፋው ተራ ውሃ ነበር። ይህን ለእማዬ በኩራት አስረዳኋት።

«ታዲያ ጠበል ውሃ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

ለፋሲካ ታደሰ ሳይታሰብ፣ ከስቶና ጠቁሮ በሩን ገፍቶ ገባ። እማዬ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ ቆየችና እጁን ይዛ ወደ ገንዳው ወሰደችው። ልትኩራራበት መስሎኝ ነበር።

«ስትመለስ ይኼን ወደ አገሩ ውሰድልኝ» አለችው።

«ምነው እማዬ? ላንቺ ብዬ ያመጣሁትን?»

«የኔ ልጅ መጣልኝ። የእሱም እናት ትጠብቀው ይሆናል።»

ታደሰ በባልዲ ይዞት ሄደ። ዓሣ እናቱን ይወቅ አይወቅ እስከ ዛሬ አላጣራሁም፤ ለማጣራትም አልፈልግም።

ሐኪሙ ፊት ስቀመጥ ዓይኔን አይቶ «በጣም ያምዎታል?» ሲል ጠየቀኝ። እናቴ ትዝ ብላኝ ነው አልኩት። ያን ሁሉ ወር በልጇ ስትጨነቅ የከረመች ሴት፣ ልጇ በገባ ሰዓት የሌላዋን እናት ማሰቧ ዛሬም ያስደንቀኛል። እኔ ብሆን ዓሣውን አስቀረው ነበር።