በዝናብ የዘገየው ላፕቶፕ

ክልሉ ገና ቢሮዎቹን በሚያደራጅባቸው ዓመታት ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበርኩ። ከደጋ መጥቼ ሙቀቱን ሳልለምድ አንድ የእርዳታ ድርጅት ሦስት ያገለገሉ ላፕቶፖች ሰጠን። በክልሉ ላፕቶፕ ብርቅ ነበር። የተረከብኳቸው በስሜ ፈርሜ ስለሆነ ከዚያች ቀን ጀምሮ ዕረፍት አጣሁ። የሚዋስ ሰው መታወቂያውን ያስይዛል፤ መሣሪያው ከአዳራሹ አይወጣም፤ ዘበኛው በር ላይ ቦርሳ ይፈትሻሉ። እኔ ግን ይህም አልበቃኝ ብሎ ገና ከመቀመጤ እነሳለሁ፣ መስኮቶቹን እነካካለሁ፣ የሰዉን እጅ አያለሁ።

ከሚዋሱት አንዷ የአካባቢው ተወላጅ ነበረች፤ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የምትሠራ፣ በቤተ ክርስቲያኗም መዘምራኑን የምትመራ ሴት። ከሥራ ስትወጣ መጥታ በእናቷ ቋንቋ የሚዘመሩትን መዝሙሮች በአንድ ጣት እየለቀመች ትጽፋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት ወደ ክልሉ ቢሮ ለስብሰባ ተጠርቼ ስመለስ መብራት ጠፍቷል፤ ወንበሯ ባዶ ነው፤ ላፕቶፑም የለም። ዘበኛውን ጠየቅኳቸው። እኔን ሊወልዱ የሚችሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሙቀቱ ስለበዛባት ከበሩ ማዶ መንገድ ዳር ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር እንድትቀመጥ እሳቸው እንደፈቀዱላት ነገሩኝ። ወጥቼ ባይ ማንጎው ሥር ማንም የለም። እኔ ሳልደርስ የጀመረው ዝናብም ባሰበት።

«አባባ፣ ይዛው ብትጠፋስ?»

«እሷን አውቃታለሁ» አሉኝ።

«እኔ አላውቃትም!»

በዝናቡ ወጣሁ። ጤና ጣቢያ የለችም። ሰፈሯ ስደርስ ጎረቤቷ ከከተማው ርቆ ኢታንግ በሚባል ወረዳ ዘመዶች እንዳሏት ነገረችኝ፤ ይህን ስሰማ ጭራሽ ባሰብኝ። ወደ ኢታንግ የሚሄዱት መኪኖች ከሚቆሙበት ሄጄ የሴቶቹን ጓዝ እየዞርኩ አየሁ። አንዷ ምን ጠፋብህ ስትለኝ ዞሬ ሄድኩ።

ጭቃ በጭቃ ሆኜ ስመለስ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማለች። ዝናቡ ሲጀምር በቅርብ ወዳለ ቤት ጣሪያ ሥር ሮጣ ነበር። አባርቶላት ስትመጣ መንገድ ላይ እንደገና ያዛት፤ ትከሻዋ ላይ የጣለችውን ልብስ አውልቃ ላፕቶፑን ጠቅልላበታለች። እሷ ከራስ ፀጉሯ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ላፕቶፑ ደረቅ ነው።

ላፕቶፑን ገልብጬ ከሥሩ ያለውን ቁጥር ከመዝገቡ ጋር አመሳከርኩ። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሁሉ ያዩናል።

«ቁጥሩ ልክ ነው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ልክ ነው።»

«እንግዲያው መታወቂያዬን ስጠኝ።»

ተቀብላ ወጣች። በማግሥቱ ዘበኛው ሰላምታዬን በግማሽ መለሱልኝ። በዚያ ሳምንት ላፕቶፖቹ ሁሉም ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው ነበር፤ እኔ ግን ያው እንደበፊቱ መቀመጥ አቃተኝ።

እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ወደ እሷ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ውጭ ቆሜ መዝሙሩ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ስትወጣ ይቅርታ ጠየቅኳት።

«ዕቃው የመንግሥት ነው፤ መጠበቅህ አያስቀይመኝም» አለች። «ግን እኮ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር። አንተ አንዴም ቀና ብለህ አላየኸኝም።»

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመልሳ ብትመጣ ደስ እንደሚለኝ ብቻ ነግሬያት ተመለስኩ።

ሁለት ሳምንት ቆይታ መጣች፤ ላፕቶፑን ከቁም ሣጥኑ አወጣሁላት። ከዘበኛው ጋር አንድ ጠረጴዛ ተሸክመን ማንጎው ሥር አኖርንላት፤ እሳቸውም ወንበራቸውን አጠገቧ አደረጉ። መታወቂያዋን ስታወጣ አልቀበልም አልኳት። እሷ ግን እንደ ሰው ሁሉ አስይዛለሁ ብላ ጠረጴዛዬ ላይ ትታው ወጣች።

መዝሙሮቹን ክረምቱ ሳይወጣ ጨረሰች። ቢሮ ወስደን አሳተምንላት። አንድ ቅጂ ለዘበኛው ሰጠቻቸው፤ ማንበብ ባይችሉም ወረቀቱን ይዘው በር ላይ ያንጎራጉሩ ነበር። ለእኔ አልሰጠችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።