ዝም ያለው ክራር

ባለፈው ጥር ለአንድ ዘመዳችን ሠርግ ወልድያ ሄጄ ነበር። ድንኳኑ ገና በሰው ሳይሞላ፣ ድምፅ የሚያስተካክለው ልጅ ማይኩን እንደያዘ ወደ ስፒከሩ ጠጋ ሲል ያ ስለታም ጩኸት ተነሣ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴቶች ጆሯቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። ይህን ያህል ዘመን አልፎም ያንን ጩኸት ስሰማ አንገቴን የምደፋው በአጎቴ በጋሼ ሞላ ምክንያት ነው።

ጋሼ ሞላ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነበር። ከጋዝጊብላ ወደ ሰቆጣ የመጣው እኔ ሳልወለድ ነው። ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር። ወደ ማታ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ለብሶ፣ የትኩስ ዱቄትና የናፍጣ ሽታ ይዞ ይገባል። የወፍጮው ጩኸት ስለለመደበት ቤት ውስጥም ጮክ ብሎ ያወራል፤ እናቴ "ቀስ በል፣ እዚሁ ነን" ትለዋለች። ታጥቦ ክራሩን ከግድግዳ ሲያወርድ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። የክራሩ ሆድ ከዋንዛ የተፈለፈለ ነው፣ ፊቱ የፍየል ቆዳ፣ ክሮቹ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን። ጎንበስ ብሎ፣ ጆሮውን አስጠግቶ ሲቃኝ ሁላችንም ዝም እንላለን። ድምፁ ለአንዲት ክፍል የሚበቃ ትንሽ ድምፅ ነበር። በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ የሚያንጎራጉረው ሳይገባኝ ሲቀር ትርጉሙን እጠይቀዋለሁ። "ቆይ፣ መጀመሪያ ስሚው" ይለኛል።

ያኔ የከተማው ወጣቶች ያቋቋሙት የሙዚቃ ቡድን ነበር። መሪው ዘሪሁን የሚባል ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጋሼ ሞላን ወደ ቡድኑ ያስገባውም እሱ ነው። እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ከጨፋሪዎቹ ጋር ስለነበርኩ ልምምዱን ሁሉ አይቻለሁ። ችግሩ የመጣው ከዕቃው ጋር ነው፦ ከጄኔሬተሩ፣ ከአምፕሊፋየሩና ቁም ሣጥን ከሚያህሉት ሁለት ስፒከሮች ጋር። ከበሮውና ኪቦርዱ አብረው ሲነሡ ክራሩ ድምጥማጡ ይጠፋል። የዘፋኙን ማይክ ወደ ክራሩ ሲያስጠጉት ያ ጩኸት ይነሣል፤ ሲያርቁት ደግሞ ምንም አይሰማም። ጋሼ ሞላ ወንበሩን ወዲህና ወዲያ ሲያዞር፣ ሲነሣ ሲቀመጥ ለሻደይ፣ ለነሐሴው የልጃገረዶች በዓል፣ የምንለማመድበት ሳምንት አለቀ።

በመጨረሻ ዘሪሁን ኪቦርዱ ላይ አንድ ነገር ነካካና ክራር የሚመስል ድምፅ አወጣ።

"ሞልዬ፣ እንዲህ እናድርግ" አለው። "ድምፁን እኔ ከዚህ አወጣዋለሁ። አንተ ክራሩን ይዘህ እጅህን ብቻ አንቀሳቅስ።"

"እና ክራሩ ምን ሊሆን ነው?"

"ለዚህ በዓል ጌጥ ይሁን። ለሌላ ጊዜ መላ እንፈልግለታለን።"

ጋሼ ሞላ እምቢ ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለም። ለእናቱ፣ ለአያቴ፣ መልእክት ልኮ ነበራ! በልጅነቱ ክራር ሲነካ "አዝማሪ ልትሆን ነው?" እያሉ የሚሰድቡት ሲበዙ፣ "ተዉት ልጄን" ብላ የቆመችለት እሷ ነች። መድረክ ላይ ግን አይታው አታውቅም። ለሻደይ መጥታ እንድታየው ለምኗታል። ስለዚህ በበዓሉ ቀን፣ ክራሩ ድንገት ድምፅ አውጥቶ ከኪቦርዱ እንዳይጋጭ፣ ከክሮቹ ሥር ጨርቅ ሲወትፍ አየሁት።

ነሐሴ ስለነበር ሜዳው ጭቃ ነው። እኛ ልጃገረዶቹ ሻደይ የሚባለውን ቅጠል ወገባችን ላይ አስረን ተሰልፈናል። አያቴ ከጋዝጊብላ በእግሯ መጥታ፣ የታጠበ ነጠላ ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች። ዘፈኑ ተጀመረ። ጋሼ ሞላ መሀል ላይ ቆሞ ጣቶቹን ያሯሩጣል፤ የክራር ድምፅ ከስፒከሩ ይወጣል፤ ሰው ያጨበጭባል። አያቴ ጎኗ ላሉት "የኔ ልጅ ነው፣ ያ መሀለኛው" እያለች ታሳያለች። እኔ ጨርቁን ስለማውቅ ወደ እሷ ማየት አቃተኝ።

ጄኔሬተሩ አንዴ ሁለቴ ተንተፋተፈና ጠፋ። ኪቦርዱ ተቋረጠ፣ የዘፋኙ ድምፅም ሰለለ። ከበሮ መቺው ግን መምታቱን አላቆመም። ጋሼ ሞላም ግራ ገብቶት ይሁን ደንግጦ፣ እጁ መሄዱን ቀጠለ። ከበሮው ይሰማል፤ ጣቶቹ ክሮቹ ላይ ይሮጣሉ፤ ክራሩ ዝም ብሏል። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሜዳው ሁሉ ሳቀ።

አያቴ ተነሥታ ወደ መድረኩ ተጠጋች። "ሞላዬ፣ እጅህ ይሄዳል። ድምፁ የታለ ልጄ?" አለችው።

በየዋህነት ነው የጠየቀችው። ያ ነው የከፋው።

አያቴ በማግስቱ ማለዳ ወደ አገሯ ተመለሰች። ወፍጮ ቤት እህል ይዘው የሚመጡ ሰዎች ባዶ እጃቸውን አየር ላይ እያራወጡ ክራር ሲመቱ ያሳዩት ጀመር። ትምህርት ቤት ደግሞ "አጎትሽ ድዳ ክራር አለው አሉ" ይሉኝ ነበር። ክራሩ ከግድግዳው ሳይወርድ ወራት አለፉ።

አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ተልኬ ስሄድ፣ ጋሼ ሞላ ዱቄቱን ከረጢቴ ውስጥ እየጨመረልኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝግ ባለ ድምፅ አናገረኝ።

"ወርቄ፣ አፈርሽብኝ?"

"አዎ ጋሼ።"

የከረጢቱን አፍ አጥብቆ አሠረው። "ልክ ነሽ። እኔም በራሴ አፍሬያለሁ። ጄኔሬተሩ ባይጠፋ ግን ማንም አያውቅም ነበር፤ ተጨብጭቦልኝ እገባ ነበር። ሳስበው እሱ ይብሳል።"

በዚያው ሰሞን ክራሩን አወረደው። ቴፕ ከሚጠግን ሰው ዘንድ፣ ከተበላሸ የጠረጴዛ ሰዓት ውስጥ ደወሉን የምታሰማውን ሳንቲም የምታህል ስስ ነሐስ አገኘ። ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄድ ሁለት ሽቦ አስበየደላትና ክሮቹ ከሚያርፉበት እንጨት ሥር በሰም አጣበቃት። እሷ የምትይዘው የእንጨቱን ንዝረት ስለሆነ፣ እንደ ማይኩ ቶሎ አትጮኽም። መጀመሪያ ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ አለ። ቦታዋን እየቀያየረ፣ የክራሩን ሆድ በጥጥ እየሞላና እየቀነሰ ብዙ እሑዶችን አሳለፈ። ዘሪሁን አምፕሊፋየሩን እያመጣ አብሮት ይቀመጥ ነበር። በኋላ ክራሩ ጠርቶ ወጣ፤ ጥፍሩ ክሩን ሲቧጭር ሳይቀር ይሰማል።

በሚቀጥለው ሻደይ እዚያው ሜዳ ላይ ወጣ። ከመጀመሩ በፊት ማይኩን ከዘፋኙ ተቀበለ።

"አምና የሰማችሁት የኔን ክራር አልነበረም" አለ። "ከኪቦርድ የወጣ ነው፤ አታልያችኋለሁ። የዛሬው የኔ ነው። ቢበላሽም የኔ ነው።"

ማንም አላጨበጨበም። እዚህም እዚያም ሳቁ፤ እኔ ደግሞ ምነው ባይናገር ብዬ መሬት መሬት አየሁ። ከበሮው ተነሣ፣ ኪቦርዱ ተከተለ፣ በሁለቱ መሀል ክራሩ ገባ። በሜዳው ዳር ካለው የድንጋይ ካብ ጥግ እስከቆሙት ሰዎች ድረስ ተሰማ። አያቴ ግን አልነበረችም፤ "መንገዱ ደከመኝ" ብላ ቀርታለች። ከበዓሉ በኋላ ክራሩን ይዞ ሄደላት። ሲመለስ ምን እንዳለችው ጠየቅሁት።

"'አሁን ይሰማል ወይ?' አለችኝ። 'ይሰማል' አልኳት።"

ጋሼ ሞላ ካረፈ ቆይቷል። እሱ ክራር ያስተማራት የዘሪሁን ልጅ ዛሬ ከቡድኑ ጋር ትጫወታለች። አንድ ነሐሴ ሰቆጣ ሄጄ አየኋት፤ ዘፈኑ መሀል ላይ ክር ተበጠሰባት። እንደለመድኩት አፈርኩላት፤ ፊቷን ታዞራለች፣ ወይም ኪቦርዱ እንዲሸፍናት ምልክት ትሰጣለች ብዬ ጠበቅሁ። እጇን አንሥታ ሁሉንም አስቆመች።

"ክር ተበጥሶብኛል፤ ትንሽ ታገሡኝ" አለች።

መድረኩ ላይ ቁጭ ብላ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ አዲስ ክር አስገብታ ትቃኝ ጀመር። እንዲህ በግልጽ መናገርን ማን እንዳስለመዳት አልጠየቅኋትም። ሕዝቡም አልሳቀም። ዝም ብሎ ጠበቃት።