ከወርቅ ወደ ብር

የባሕር ማዶ ሰዎች ሱቄ ሲገቡ «የቶሬያዶር ልብስ አለሽ?» ይሉኛል። እኔም «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ አገር አልተወለደም» ብዬ እመልሳቸዋለሁ። ባሌ በሕይወት ሳለ «ምናለ ዝም ብለሽ ብትሸጪላቸው?» እያለ ይቆጣኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ በሙያዬ ቀልድ አላውቅም። እኛ ዘንድ ከኮርማ ጋር የሚጋጠም ሁሉ ቶሬሮ ነው፤ ፈረስ ላይ ሆኖ በጦር የሚወጋውም፣ በእግሩ ሮጦ የኮርማው ጀርባ ላይ ዘንግ የሚሰካውም። ማታዶር የሚባለው ግን በመጨረሻ ሰይፍ ይዞ የሚገድለው ብቻ ነው። እሱ በወርቅ ክር የተጠለፈ ይለብሳል፤ በእግር የሚያግዙት ደግሞ በብር። አርባ ዓመት ሁለቱንም ስጠልፍ ኖሬአለሁ፤ ዓይኔ የደከመውም በዚሁ ነው።

ሌአንድሮ ኪሃዳ ወርቁን የለበሰው በሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። የትምባሆ ቀለም ባለው ሐር ላይ የጠለፍኩለት እኔ ነኝ። አባቱ ኤሉቴሪዮ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በብር ልብስ ዘንግ ሲሰካ የኖረ ሰው ነበር። ልጁ ማታዶር የሆነ ዕለት አደባባይ ላይ አለቀሰ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም የገዛ ልጁን «ማኤስትሮ» እያለ አንቱ ይለው ጀመር። ማታዶር የሚጠራው እንደዚያ ነው። ገበታ ላይ እንኳ «ማኤስትሮ፣ ጨው ላቀብልዎ?» ይለዋል። ጎረቤት በሳቅ ይፈርሳል፤ ኤሉቴሪዮ ግን ፊቱን አይፈታም።

ሌአንድሮ ፈሪ አልነበረም። እምቢ ያለው ሰይፉ ነው። አምስቴ ስድስቴ ወግቶ ኮርማው አልወድቅ ሲለው ተመልካቹ ያፏጭበታል። እንዲህ እያለ፣ ሁለቴም በቀንድ ተወግቶ፣ ሰባት ዓመት አለፈ፤ በዓመት ሁለት ቀን ከተጠራ ብዙ ነው።

አንድ ጧት ያንን ልብስ ታቅፎ መጣ።

«ዶኛ ፊሎሜና፣ ወርቁን ይፍቱልኝና ብር ያድርጉበት።»

መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ ቀና አልኩ። «ሰክረሃል እንዴ?»

«በዚህ ጧት?»

«አባትህስ?»

«እንዳይሰማ አደራ። ይሞትብኛል።»

«አንተስ? ሳትሞት ነው የመጣኸው?»

ሳቀ። «ኮርማውን መጥራት እወዳለሁ። ማስሮጥ፣ ማዞር እወዳለሁ። መግደሉን ነው ያልቻልኩት። ለዚያች ለመጨረሻዋ ደቂቃ ስል የቀረውን ሁሉ ጠልቼው ኖርኩ እኮ።»

ነገሩ እንቆቅልሽ ሆነብኝ። ሰው ከፊት ወደ ኋላ ሲመለስ ፊቱ ይጠቁራል እንጂ እንዲህ ይበራል? ክሩን በፈታሁ ቁጥር ይህንኑ አሰላስል ነበር። ለአባቱም አዘንኩ፤ ያለዚህ ልጅ ሌላ ኩራት የለውም።

በሁለተኛው ሳምንት ኤሉቴሪዮ ከዘራውን እየተደገፈ ገባ። ጃኬቱን ጉልበቴ ላይ አገኘው።

«የማኤስትሮ ልብስ አይደለም እንዴ? ምን ሆኖ ተፈታ?»

«ክሩ አርጅቶ ነው። ላድሰው ብዬ።»

«በወርቅ?»

«በምን ሊሆን ኖሯል!» አልኩና ራሴን ጠላሁት።

ከጠረጴዛው ላይ አንድ የተፈታ የወርቅ ክር ቁራጭ አንስቶ በጣቱ ጠቀለለው። ከዚያ «በርቺ፣ ፊሎ» ብሎኝ ወጣ።

ግንቦት ላይ የከተማችን በዓል ደረሰ። ሌአንድሮ በብር ልብስ አንድ ወጣት ማታዶር ሊያግዝ ተቀጥሯል። «አባቴ ወገቡን አሞታል፤ አይመጣም» ብሎኝ ነበር። ኮርማ የሚጋጠሙበት ሜዳ ገብቼ ስቀመጥ፣ ከእኔ ሁለት ረድፍ ዝቅ ብሎ ኤሉቴሪዮ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ክው አልኩ።

መለከት ተነፋ። ሦስቱ ማታዶሮች ከፊት፣ አጋዦቻቸው ከኋላ ተሰልፈው ወጡ። ሌአንድሮ ግን እንደ ድሮው ከፊተኞቹ ጎን ተሰልፎ ይራመዳል! እግሩ ነው ያመጣው፤ ሰባት ዓመት የለመደን እግር ማን ይከሰዋል? ሦስት ወርቅና አንድ ብር ሆነው ስድስት እርምጃ ያህል ሄዱ።

«ኧረ አንተ ጅራት! ከራስ ቀድመህ ወዴት ነው?» ሲል አንዱ ፀሐይ ከሚመታው ርካሽ መቀመጫ ጮኸ። ያ ሁሉ ሰው አውካካ። ሌአንድሮ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ወደ ኋላ ተመለሰ። እኔ የማየው አባቱን ብቻ ነበር። አልሳቀም፤ አልተነሣምም።

ኮርማው ጥቁር፣ አንገተ ወፍራም ነበር። ሌአንድሮ ሁለቱን ባለ ቀለም ዘንጎች ይዞ ከግራው በኩል ጠራውና ሮጠ። ቀንዱ ጃኬቱን ከብብቱ ሥር ዘነጠለው፤ አንዱ ዘንግ አሸዋ ላይ ቀረ። ፉጨት ሆነ። ጓደኛው ተራውን ሰክቶ ሲመለስ የመጨረሻው ጥንድ ደግሞ የሌአንድሮ ነው። አሁንም በዚያው በግራ በኩል ሄዶ ቆመ።

ኤሉቴሪዮ ከዘራውን ጥሎ ተነሣ።

«በዚያ አይደለም! ሌባው ግራ ቀንዱ ነው! በቀኝ ግባበት፣ አንተ ደንቆሮ!»

ያ ሁሉ ድምፅ ከየት እንደወጣ እግዜር ይወቅ። ሌአንድሮ ዞር ብሎ አየው። ከዚያ ኮርማውን በሩቁ ዞሮ በቀኙ መጣ፤ ሮጠ፤ ተገናኙ፤ ሁለቱም ዘንጎች ጎን ለጎን ተሰኩ። ቅድም የሳቀው ሁሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

ሲያልቅ እኔና ኤሉቴሪዮ በኋላው በር ጠበቅነው። ሌአንድሮ የተቀደደውን ጎኑን ይዞ ወጣ።

«አባዬ፣ ልነግርህ አስቤ ነበር…»

«ክሩን ፊሎ ጋ አይቼዋለሁ። ወርቅ የሚያድስ ሰው ወርቁን ቁርጥርጥ አድርጎ አይፈታም» አለና ገላመጠኝ። ከዚያ ጣቱን በቅዳዱ አስገብቶ የልጁን ቆዳ ዳሰሰ፤ ደም የለም። እጁን ግን አላወጣም።

«ለማታዶር ማን ምክር ይሰጣል? ሰባት ዓመት ሙሉ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ» አለ። «ሁለቴ ተወጋህ። ሁለቱንም ጊዜ ቀንዱ በየት በኩል እንደሚመጣ አይቼው ነበር፣ ልጄ።»